ዘጠኝ ኪሎ ከግማሽ

ዶልጌላይ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ነዋሪ ነው፣
ከጋራዤ ጣራ ላይ ኪራይ የማይከፍል ሰው።
በዚያ ዝናብ መሐል ኢድወል መጣ እየነዳ፣
ያችን የሰባ ሁለት ፎርድ፣ ጎኗ የተጎዳ።
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ኮፍያውንም ሳያወልቅ፣
«ኔስታ» አለኝ፣ «መስኮቷን ቀይሪ፣ ቀለል ብላ ትምጠቅ።
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ቅባት ያጣ፣
አንድ ውድድር ቀርቶኛል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።»

እሺ አልኩት።
መስታወቶቹን አንድ በአንድ ከጎማ ከንፈራቸው ፈልቅቄ፣
አሮጌ ፎጣ አንጥፌ፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠንቅቄ፣
በአባቴ የሱፍ ሚዛን ላይ ጫንኳቸው ደራርቤ፤
አሥራ ሰባት ኪሎ። ግድግዳው ላይ ጻፍኩት፣ እርሳሴን በምራቅ አርጥቤ።

ከዚያ ፖሊካርቦኔቱ፦ ሰማያዊ ስስ ቆዳ የለበሰ፣
በመዶሻ ቢመቱት ታጥፎ፣ ስቆ የተመለሰ።
አይሰበር፣ አይደማ፤ ብቻ ለጭረት ነፍሱን የሚሰጥ፣
በደረቅ ጨርቅ ከነኩት ቂሙን እስከ ሞት የሚያስቀምጥ።
ሰው አውቃለሁ እንዲህ ያለ።
ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርጌ ነው የምበሳ፣
ሲሞቀው ይንጠራራልና፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ።
የፊቱን ግን አልነካሁም፤ ሕግ ነው፣ መስታወት ይቀራል፣
ፊት ለፊት የሚመጣን ነገር ሰው በመስታወት ይጋፈጣል።

የተሳፋሪውን በር ስፈታ እጄ ቆመ።
ከመስታወቱ ጥግ፣ በእኛው በዌልስ ቋንቋ፣ አንድ ቃል ተጭሯል፦
ግራ።

ኢድወልን አየሁት። አየኝ። ሁለታችንም ግራ ገባን።
«ኤምሊን ነው» አለ። «ግራ አለኝ፤ እኔ ቀኝ ዞርኩ። ጉድጓድ ገባን።
ጎታች መኪና እስኪመጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝም።
እሱ በስባሪ ድንጋይ ጻፈ። እኔም አላልኩት ምንም።
አርባ አራት ዓመት። በአንድ መንገድ እንኳ አንሄድም።»

ለብቻው መዘንኩት፦ ሦስት ኪሎ ከሩብ።
ቃሉ ስንት እንደሚመዝን ሚዛኑ አላሳየም።
ሰው ቀለለ ሲባል ነውር፣ መኪና ሲቀል ግን ሙገሳ፤
ኢድወል ሁለቱንም ፈርቶ ወጣ፣ ኮቱን ሳይለብስ፣ ምሳውንም ረሳ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው በሩን ሞልቶ ገባ፣
ሆዱ ቀድሞት፣ የጃኬቱ ዚፕ እምቢ እንዳለው።
ማን እንደነገረው አላውቅም። ትንሽ ከተማ ናት።
«ጽሑፌን ልትጥዪ ነው አሉ» አለኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።
አዲሱን መስኮት በጣቱ አንኳኳ። እንደ ባዶ ጀሪካን ድም አለ።
«ታዲያ ይሄ ምን ይመሰክራል?»

ከጎማው ክምር ኋላ የኢድወል ድምፅ መጣ፦
«አሁን ስንት ትመዝናለህ?»
ከአርባ አራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼው ነበር።
«ከያኔው ሃያ ኪሎ ጨምሬ።»
«ኔስታ!» ብሎ ጮኸ፣ «ዘጠኝ ከግማሽ አውጥተን ሃያ ልንጭን? ከሰርን!»
ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላየሁም፤
ጀርባዬን ሰጥቼ ብሎን እያጠበቅሁ ነበር።

በውድድሩ ቀን ጥዱ ውስጥ ከገመዱ ወዲህ ቆምኩ፣
ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ዝናቡም እንደ ልማዱ።
መኪናዋ ሳትታይ የመስኮቶቿን እርግብግቢት ሰማሁ፣
ከዚያ ሞተሩን፣ ከዚያ የሁለት ሽማግሌ ክርክር፤ እንዲያ እያሉ ነጎዱ።
ሠላሳ አራተኛ ወጡ።
አንድ ቦታ ላይ፣ ግራ ሲባል፣ ቀኝ ዞረዋል አሉ፤ ቀስ ብለው ግን፣
ጉድጓዱን ሰላም ሊሉት ይመስል።

ያ መስታወት ዛሬ ከጓሮዬ የሰላጣ ችግኝ ላይ ተጋድሟል፣
ጠዋት ጤዛ ሲይዘው፣ ጎንበስ ላለ ሰው፣ ቃሉ ጥርት ብሎ ይነበባል።
ቀንድ አውጣዎቹ ግን ማንበብ አያውቁም፤
በቀኝ በኩል ገብተው ይበሉብኛል።